ጋሽ ሸምሱ ለቡሄ የሚሰጡን መጽሐፍ

ጋሽ ሸምሱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ሜክሲኮ ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ራሰ በራ ሰው በስሜ ጠራኝ። ትክ ብዬ ሳየው ሱራፌል ነው፤ የልጅነት ጎረቤቴ፣ ያን ጊዜ የሰፈራችን የሆያ ሆዬ አውጪ የነበረው። ስለ ጤናና ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ባቡሩ መጥቶ ሊሳፈር ሲል ዞር አለና፣ "ጋሽ ሸምሱን ሰምተሻል አይደል?" አለኝ።

አልሰማሁም ነበር። ከፊቴ ገብቶት መሰለኝ እግሩን መለሰ። ባቡሩ በሩን ዘግቶ ሄደ፤ ሁለታችንም አልተሳፈርንም። ከዚያ፣ ወደ አርባ ዓመት የተጠጋን ሁለት ሰዎች እዚያው ቆመን፣ ጋሽ ሸምሱ በመጽሐፋቸው የሣሏት ታክሲ ባሕር ዳርቻ የወጣችው በመጀመሪያው ዓመት ነው ወይስ በሁለተኛው እያልን እንከራከር ጀመር። እሱ በመጀመሪያው አለ። እኔ በሁለተኛው እላለሁ። አጠገባችን የቆመች ልጅ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ታየን ነበር።

ለማያውቃቸው ሰው ስለ ጋሽ ሸምሱ ለመናገር ከክረምቱ መጀመር ይሻላል። ቤታችን ከልደታ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ ነበር። ዘጠናዎቹ ገና መግባታቸው ነው። በነሐሴ ጭጋጉ ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ላይ ወርዶ በየበራፉ ይተኛል። ከጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ የጅራፍ ጩኸት፣ ቀጥሎ መሬት የሚደበድብ ዱላ፣ ቀጥሎ ዜማ ይመጣል፤ ልጆቹ ራሳቸው የሚታዩት መጨረሻ ላይ ነው። ለቡሄ የሚጨፍሩ ልጆች በር አይመርጡም፤ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ያንኳኳሉ። ሌላው ቤት ሙልሙል ይሰጣቸዋል፣ ሳንቲም ይሰጣቸዋል። ጋሽ ሸምሱ መጽሐፍ ይሰጡ ነበር።

መጽሐፍ ስል ስምንት ገጽ ያላት፣ መሐል ለመሐል በክር የተሰፋች ቀጭን ነገር ናት። በየገጿ አራት አራት ሳጥን አለ፤ በየሳጥኑ ውስጥ ሥዕል፤ ከሰዎቹ አፍ ደግሞ ንግግራቸው በክብ ተከቦ ይወጣል። ጋሽ ሸምሱ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት የማባዣ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤና መመሪያ በስቴንስል፣ ሰም በተቀባ የማባዣ ወረቀት፣ ሲያባዙ ይውላሉ። ሰኔ ሲገባ ግን ከሥራ መልስ መስኮታቸው ሥር ተቀምጠው፣ ያንኑ ስቴንስል በሾለ ብረት ቀስ እያሉ እየጫሩ ይሥሉበታል። አለቃቸውን አስፈቅደው፣ ወረቀቱን ራሳቸው ገዝተው፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ላይ ያዞሩታል። የሚያጥፉትና የሚሰፉት ባለቤታቸው እትዬ ሙና ናቸው። "ሰው ዳቦ ይጋግራል፣ እኔ ወረቀት እሰፋለሁ" እያሉ ይነጫነጩ ነበር። ስፌታቸው ግን የቀሚስ ጠርዝ ይመስል ነበር፤ ዝንፍ አይልም።

ታሪኩ የአንዲት ታክሲ ታሪክ ነው። ከሜክሲኮ ተሳፋሪ ጭና ወደ አብነት ትነሣለች፤ ልደታ ጋ ስትደርስ ጭጋግ ይውጣታል፤ ከጭጋጉ ስትወጣ አብነት የለም። አንድ ዓመት ባሕር ዳርቻ ወጣች። ተሳፋሪዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ውኃው ዳር ተሰለፉ፤ ሹፌሩ ሱሪውን ሰብስቦ ገብቶ አንዱን ዓሣ የአብነትን መንገድ ጠየቀው። ሌላ ዓመት ደመና ላይ ወጣች፤ ሰዎቹ በረዶውን ገና ሳይወርድ ከየቅርንጫፉ እንደ ፍሬ ለቀሙት። መድረሻዋ አንድም ጊዜ ደርሳ አታውቅም። የተናደደ ተሳፋሪም ኖሮ አያውቅም። ሹፌሩ በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ "መንገድ ሲጠፋ አገር ይገኛል" ይላል። ይህቺ የራሳቸው የጋሽ ሸምሱ አባባል ነበረች። ከገበያ የተላኩበትን ረስተው ሌላ ዕቃ ይዘው ሲመጡ እትዬ ሙና ሲቆጧቸውም የሚመልሱት ይህንኑ ነው።

ተሳፋሪዎቹ እኛ ነበርን። ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ፣ የወተት ነጋዴዋ እማማ ጥሩነሽ ጆግ አቅፈው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አሉ። እማማ ጥሩነሽ አንድ ዓመት አፍንጫዬን አገዘፈው ብለው ሰላምታ ነሥተዋቸው ከረሙ። በሚቀጥለው ዓመት ሳይሥሏቸው ሲቀሩ ደግሞ በራፋቸው ድረስ ሄደው፣ እኔን ሜክሲኮ ጥላችሁኝ ነው የሄዳችሁት ወይ ብለው ጠየቋቸው።

ጋሽ ሸምሱ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄዱ ትንሽ ጎንበስ የሚሉ ሰው ነበሩ። የጥፍራቸው ዙሪያ ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ ቀለሙ ለዒድም አይለቅም። ልጆቹ ጨፍረው ሲጨርሱ ከውስጥ ቁልሉን በሁለት እጃቸው እንደ ሰሐን አድርገው ይዘው ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሲሰጡ መጽሐፏን አንድ ጊዜ እፍ ይሏታል። ቀለሙ ከደረቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ እሳቸው ግን እፍ ሳይሉ አይሰጡም። እፍ ሲሉ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ልጆቹ መንገድ ላይ ሆነው ሲያነቡ፣ ጭፈራው ሲቋረጥ፣ ቅያሱ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ያ ጸጥታ እስካሁን ይሰማኛል። የሚሰማው የገጽ መገለጥና ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውኃ ብቻ ነበር።

እኔ ሴት ስለሆንኩ ለቡሄ አልጨፍርም። ሱራፌል ያበደረኝን አንብቤ እመልስ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ይዘን እየዘፈንን ወደ በራቸው ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ሳንቲም ይዘው ወጡ። እኔ ሳንቲሙን አልቀበልም ብዬ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ። ምን ሆንሽ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለሴቶቹ ለምን መጽሐፍ የለም አልኳቸው። ጓደኞቼ አፈሩብኝ። ጋሽ ሸምሱ ግን አልሣቁም። ቁጢጥ ብለው ፊት ለፊቴ ሆኑና ያላሰቡት ነገር መሆኑን፣ ማሰብ እንደነበረባቸው ነገሩኝ። አንድ ዓመት እንድታገሣቸውም ለመኑኝ። በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ለሴቶቹ ሌላ መጽሐፍ መጣ፤ ሹፌሯ ሴት ነበረች።

ታናሽ ወንድሜ ቢኒያም ስድስት ዓመቱ ነበር። ያቺን ታክሲ ከሁላችንም በላይ ያምናት ነበር። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸምሱ ቤት ሄዶ ታክሲዋ ነዳጅ የምትቀዳው የት እንደሆነ፣ ዝናብ ሲሆን የት እንደምትተኛ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም እንደ ቁም ነገር አስበው ይመልሱለታል። በእውነተኛው ታክሲ ስንሄድ ቢኒ ሁልጊዜ ጋቢና መቀመጥ ይፈልግ ነበር። ትንሽ ልጅ ጋቢና አይቀመጥም ተብሎ ኋላ፣ እናቴ ጭን ላይ ይታቀፋል። አንገቱን በሰዎች መሐል አስግጎ የፊቱን መስተዋት እንዳየ ይሄዳል።

ያን ዓመት ሰኔ ላይ ትኩሳት ያዘው። በአምስተኛው ቀን ሞተ።

አባቴ ክፍለ አገር ይሠራ ስለነበር ለቀብሩ መጥቶ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ተመለሰ። ቤቱ ውስጥ እኔና እናቴ ቀረን። እናቴ አታለቅስም ነበር። ልብሶቹን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ስሙን አትጠራም፤ እኔም ከጠራሁት ከክፍሉ ትወጣለች። ጎረቤቶች ይህን ስላወቁ ስለሱ ማውራት ተዉ። ሐምሌ ሲያልቅ ቢኒያም የሚባል ልጅ በቅያሱ ኖሮ የማያውቅ ይመስል ነበር።

ቡሄ ሲመጣ ጨፋሪዎቹ በራችንን ዘለሉት። ወግ ነው፤ ሐዘን ባለበት ቤት አይጨፈርም። እኔ በራፍ ላይ ተቀምጬ ከሩቅ አዳምጣቸዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ሱራፌል እየሮጠ መጣና መጽሐፏን እጄ ላይ አስቀመጠ። ደስ የሚለኝ መስሎት ነበር፤ ፊቱ ያበራል። "ቢኒ አለበት" አለኝ።

ገለጥኩ። የዚያ ዓመት ታክሲ በዝናቡ ክር ሽቅብ ትወጣ ነበር። ጋቢናው ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን፣ ቢኒ ተቀምጧል። ያችው የተቀደደች ሹራቡ፣ ያው ወደ ፊት የሰገገ አንገቱ። ከላይ እናቴ ቆማ እያየች መሆኗን ያወቅሁት ጥላዋ ገጹ ላይ ሲያርፍ ነው።

መጽሐፏን ከእጄ ወሰደችና በነጠላዋ ብቻ፣ ያለ ጃንጥላ፣ ወደ ጋሽ ሸምሱ ቤት ሄደች። ተከተልኳት። በሩ ላይ ልጆች ነበሩ፤ ሲያዩዋት መንገድ ለቀቁ። እናቴ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ልጄን ማን ሰጠዎት?" አለቻቸው። "ሳይጠይቁኝ ወሰዱት።"

ጋሽ ሸምሱ የመጽሐፍ ቁልሉን እንደያዙ ነበር፤ የላይኛዋ መጽሐፍ ተንሸራትታ ጭቃው ላይ ወደቀች። ጎንበስ ብለው አንሥተው በኮታቸው እጅጌ ጠረጓት። ከዚያ "አጥፍቻለሁ እህቴ" አሉ።

እናቴ ተመለሰች። እሳቸው ግን አልገቡም። እትዬ ሙና ፌስታል ሰጧቸው፤ ያንን ይዘው ከቅያሱ ጫፍ ጀምረው በር ማንኳኳት ያዙ። በዓመት አንድ ቀን ልጆች የሚያንኳኩትን በር ሁሉ ያን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሸምሱ በዝናብ አንኳኩ። በየበሩ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ የሰጠኋችሁን መልሱልኝ፣ ማስፈቀድ የነበረብኝን ሰው ሳላስፈቅድ ነው የሰጠኋችሁ። ትልልቆቹ ልጆች እያኮረፉ መለሱ። አንድ የአራት ዓመት ልጅ አልሰጥም ብሎ አልጋ ሥር ገባ፤ ጋሽ ሸምሱ ወለሉ ላይ ተንበርክከው አነጋግረው ተቀበሉት። ሱራፌል በኋላ እንደነገረኝ ከሆነ እሱ በኩል ሲደርሱ ኮታቸው ውኃ ጠጥቶ ጉልበታቸው ድረስ ወርዶ ነበር፤ ልጆቹን ልላክልዎት ቢላቸው አይሆንም አሉት።

ወደ ማታ በራችንን አንኳኩ። ፌስታሉ ውስጥ ያለውን ሌላ ፌስታል ደርበውበት፣ አንድም ጠብታ አላገኘውም። ሁሉም እንዳለ ለእናቴ ነግረው፣ እሳቸው የማቃጠል መብት እንደሌላቸው፣ እሷ ግን እንዳሻት እንድታደርግ ተናግረው ሄዱ። እናቴ ሳታየው ሳጥኑ ውስጥ ከልብሶቹ ጋር ቆለፈችበት።

ጋሽ ሸምሱ ለዚያ እንቁጣጣሽ አልሣሉም። ዓመቱን በሙሉ እናቴን ሲያገኟት ቆባቸውን አውልቀው ቅያሱን ይለቁላታል። እሷም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። የሰፈሩ ልጆች ጥፋቱን በእኔ ላይ አደረጉት፤ ሴቶቹ ገመድ ሲዘሉ ስገባ ጨዋታው ያበቃል። እትዬ ሙና አንድ ቀን ውኃ ቧንቧው ጋ ሲያገኙኝ ራሴን ዳብሰው፣ ሰው መስኮቱ ሥር ያለ ሥራ ተቀምጦ ማየት ሰልችቶኛል አሉኝ። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

የቢኒ ሙት ዓመት ከወጣ በኋላ፣ ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከውጭ ስገባ እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሳጥኑ ተከፍቷል። መጽሐፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬደች ታነባለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ነበርና አልሰማችኝም። እኔም ከኋላዋ ሆኜ ያኔ ያልጨረስኩትን አነበብኩ።

ታክሲዋ በዝናቡ ክር ስትወጣ ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። እማማ ጥሩነሽ የልጅነት መስካቸው ላይ ወረዱ። ልብስ ሰፊው ጨርቅ በራሱ ከሰማይ የሚወርድበት አገር ወረደ። ሹፌሩ በመጨረሻ ወደ ጎኑ ዞሮ "አንተስ?" ይለዋል ቢኒን። ቢኒም ዓይኑን ከፊቱ መስተዋት ሳያነሣ፣ "እኔ ገና ነኝ" ይላል።

እናቴ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሁለተኛውን ጨርሳ ተነሣች፣ ነጠላዋን ለበሰች፣ ተከተይኝ አለችኝ።

ጋሽ ሸምሱ ሲያዩን ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ እትዬ ሙና ወንበር ይስባሉ። እናቴ አልተቀመጠችም። የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ "የት ነው የሚወርደው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ የሚያጽናና ነገር ፈልጎ ይናገራል። እሳቸው ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

"አላውቅም እህቴ" አሉ። "ብዙ ቦታ ሥዬ ነበር። አንዱም ለሱ አልመጠነልኝም። ስለዚህ አላወረድኩትም።"

እናቴ ወንበሩን ያዘች። ከዚያ ተቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። እትዬ ሙና አጠገቧ ሆነው ትከሻዋን ያዙ። ጋሽ ሸምሱ ወደ ውጭ ወጥተው በራፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ለቅሶዋ ሲበርድ፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች "ደግ አደረጉ" አለቻቸው፤ የሰሙ አልመሰለኝም፤ ዝናቡ ብርቱ ነበር።

በቡሄ ዋዜማ እናቴ ሙልሙል ጋገረች። ልጆቹ ዱላቸውን እየደበደቡ መጡ፤ በራችን ጋ ሲደርሱ እንደ ባለፈው ዓመት ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ በዝምታ ሊያልፉ ሆነ። እናቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ምነው?" አለች። "የኛን ቤት ረሳችሁት?"

ሱራፌል ግራ ገብቶት ጓደኞቹን አየ። ቀስ ብሎ ጀመረው፤ ሌሎቹም ቀስ ብለው ተቀበሉት። ሦስተኛው አዝማች ላይ ድምፃቸው ተለቀቀ። ሲጨርሱ መርቀው ቆሙ። እናቴ ከቤት ገብታ ፌስታሉን ይዛ ወጣች። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙልሙል፣ በላዩ ላይ አንድ መጽሐፍ ሰጠች። እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ነበር የምትሰጠው። ለእኔም ሰጠችኝ። ያ ቀን ፀሐይ ወጥታ ነበር ብል አታምኑኝም፤ ግን ለጥቂት ጊዜ ጭጋጉ ቢጫ ሆኖ ነበር። ልጆቹ እዚያው ቆመው ማንበብ ጀመሩ። ራቅ ብሎ ጋሽ ሸምሱ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ያዩ ነበር። አልቀረቡም። እናቴም አልጠራቻቸውም።

ከዚያ እንቁጣጣሽ ጀምሮ ታክሲዋ እንደገና መሄድ ጀመረች፤ አሥር ዓመት ያህል ሄደች። በኋላ ማባዣ ማሽኑ ቀርቶ ፎቶ ኮፒ መጣ፤ ጋሽ ሸምሱ ጡረታ ወጡ። ከዚያም ሰፈሩ ለልማት ፈረሰ። ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበተንን። እነ ጋሽ ሸምሱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ያን ሁሉ ዓመት የጠየቅኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ መሆኑን ስናገር አፍራለሁ።

ሁለተኛው ጊዜ ካቻምና ነው። ዓይናቸው ታሞ ነበር፤ ፊቴን ለማየት ራሳቸውን ወደ ጎን ያዘነብላሉ። ሻይ ጠጣን፤ ስለ ድሮ ጎረቤቶች ተጫወትን። ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

"እናትሽ ያን ነገር ይቅር አለችኝ ወይ?" አሉኝ።

ደነገጥኩ። መጽሐፎቹን እኮ በእጇ ነው የሰጠችው፣ አላዩም እንዴ አልኳቸው።

"ስትሰጥ አይቻለሁ" አሉ። "ይቅር ስትል ግን አልሰማሁም።"

ይዣት እመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ከልቤ ነበር። ግን ሥራ፣ የእናቴ ጉልበት ሕመም፣ ደረጃው፣ ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ።

ከሱራፌል ጋር በተገናኘን ማግስት እናቴን ይዤ ለቅሶ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገርኳት፤ የጠየቁኝን፣ የገባሁትን ቃል፣ መዘግየቴን። አልተቆጣችኝም። እስክንደርስ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እንዳየች ሄደች። አራቱን ፎቅ በየደረጃው እያረፈች ወጣች።

እትዬ ሙና ሲያዩዋት ተነሡ፤ ተቃቅፈው ቆዩ። ሴቶቹ ባሉበት ክፍል ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። እናቴ አጠገብ አንዲት የማናውቃቸው እናት ነበሩ፤ ከዘመድ ወገን ናቸው መሰለኝ፣ ከገጠር የመጡ። ጨዋታ ለመክፈት ያህል ልጆች አሉሽ ወይ፣ ስንት ናቸው ብለው ጠየቋት።

አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ይህን ጥያቄ ሰው ሲጠይቃት፣ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ፣ "አንድ ሴት" ነበር የምትለው።

"ሁለት ወልጃለሁ" አለች። "አንደኛዋ ይህቺ ናት። ወንዱን ሟቹ ያውቁት ነበር።"

ሴትዮዋ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ጠየቁ። እናቴ እግሯን አመቻችታ ወደ ግድግዳው ተደገፈች፤ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች።

"ስሙ ቢኒያም ነው" ብላ ጀመረች።